የአሜሪካ ካቶሊኮች ድምፅ፦ አንድ ሳይሆኑ ምርጫ የሚወስኑት እንዴት ነው?

ኦክቶበር 29 ቀን 1884፣ ኒው ዮርክ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ ጄምስ ብሌን አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ እንግዶች እየተቀበሉ ነው። ምርጫው ስድስት ቀን ቀርቶታል። ለሳምንታት በባቡር ከግዛት ግዛት ሲዞሩ ስለከረሙ ዝለዋል። ፊት ለፊታቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የፕሮቴስታንት አገልጋዮች ቆመዋል፤ ድጋፋቸውን ሊገልጹላቸው ነው የመጡት። በሁሉም ስም የተናገሩት ሬቨረንድ ሳሙኤል በርቻርድ ነበሩ። ንግግራቸው መሃል ላይ ዴሞክራቶችን አንስተው አንዲት ዐረፍተ ነገር ጣል አደረጉ፦ መነሻው መጠጥ፣ ሮማዊነትና አመፅ የሆነ ፓርቲ ነው አሉ።

መጠጡ ግልጽ ነው። አመፁ የደቡብ ግዛቶች ያስነሱት የእርስ በርስ ጦርነት ነው። «ሮማዊነት» ያሉት ግን ካቶሊክነትን ነው፤ ያውም በንቀት።

ብሌን ምላሽ ሲሰጡ ቃሉን አላረሙም። የገዛ እናታቸው ካቶሊክ ነበሩ። ዴሞክራቶች ግን ንግግሩን ቃል በቃል የሚጽፍ ሰው እዚያው ውስጥ ነበራቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ያቺ ዐረፍተ ነገር በወረቀት ታትማ የአየርላንድ ካቶሊኮች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ተበተነች።

ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት የኒው ዮርክ ግዛት ብሌን የተሸነፉት ከ1,200 ባነሰ ድምፅ ነው። ኒው ዮርክን ቢያሸንፉ ኖሮ ፕሬዚዳንት ይሆኑ ነበር። ኋይት ሐውስ የገቡት ግን የዴሞክራቶቹ ዕጩ ግሮቨር ክሊቭላንድ ናቸው።

የታሪክ ሰዎች «ብሌንን የጣላቸው ይህ ብቻ አይደለም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በሙስና ይታሙ ነበር። ከገዛ ፓርቲያቸው የከዷቸውም ነበሩ። መጠጥ ይከልከል የሚለው ትንሽ ፓርቲም ድምፅ ተሻምቶባቸዋል። ልዩነቱ እንዲህ እንደ ፀጉር ሲቀጥን ግን ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ ብቻውን ይበቃ ነበር።

ይህን የቆየ ታሪክ ያስቀደምኩት የዛሬው ጉዳይ አጥንቱ እዚህ ስላለ ነው። የአሜሪካ ካቶሊክ መራጭ ጉልበቱ ከአንድነቱ አይመጣም። ጉልበቱ ያለው የሚኖርበት ቦታ ላይና የመለወጥ ልማዱ ላይ ነው።

ካቶሊኮቹ ስንት ናቸው? ከየትስ መጡ?

እኛ አገር ካቶሊክ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ነው። በቁጥር ከሕዝቡ አንድ ከመቶ አይሞሉም። አሜሪካ ውስጥ ግን ከአምስት ጎልማሳ አንዱ ያህል ካቶሊክ ነው። በድምሩ 50 ሚሊዮን ገደማ ጎልማሳ ማለት ነው። ፕሮቴስታንቱ በጠቅላላ ይበልጣል፤ ግን እሱ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የተከፋፈለ ነው። ካቶሊኩ ባንድ መንበር ሥር ያለ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ነው።

አመጣጣቸው በስደት ነው። በ1840ዎቹ አየርላንድ ውስጥ ድንች በበሽታ ሲያልቅ የተራበው ሕዝብ በመርከብ ጎረፈ። ጀርመኖች መጡ። ቀጥለው ጣሊያኖች፣ ፖላንዶች። ወደቡ ላይ ጫኑ አወረዱ፣ ከሰል ቆፈሩ፣ ብረት አቀለጡ። የሰፈሩትም ሥራ ባለበት ነው፦ ኒው ዮርክ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ኦሃዮ፣ ሚሺጋን፣ ኢሊኖይ፣ ዊስኮንሲን። እነዚህን ስሞች ያዙልኝ፤ እንመለስባቸዋለን።

አቀባበሉ መልካም አልነበረም። በ1844 ፊላደልፊያ ውስጥ በተነሳ ረብሻ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኖች ተቃጥለዋል። በ1850ዎቹ ደግሞ በስደተኞችና በካቶሊኮች ጥላቻ ላይ የቆመ ፓርቲ ተነሳ። አባላቱ ስለ ማኅበራቸው ሲጠየቁ «ምንም አላውቅም» ብለው እንዲመልሱ ይታዘዙ ስለነበር ስማቸው ይኸው ሆኖ ቀረ። የዚህ ፓርቲ ዕጩ ሚላርድ ፊልሞር በ1856 ምርጫ ከአምስት ድምፅ አንዱን አግኝተዋል። ቀላል ነገር አይደለም።

ክሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ካቶሊክ የሚታዘዘው ሮም ላሉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ፖፕ) ነው፣ ስለዚህ ለአሜሪካ ታማኝ ሊሆን አይችልም።

በዚህ መሃል በር የከፈተላቸው የየከተማው የዴሞክራት ፓርቲ ክንፍ ነው። አዲስ ለመጣው ስደተኛ ሥራ ያፈላልጋል፣ ወረቀቱን ያስጨርሳል፣ ሲቸገር ይደርሳል። በምላሹ ድምፁን ይቀበላል። ለዚህ ነው «ካቶሊክ ማለት ዴሞክራት ነው» የሚለው አባባል ለመቶ ዓመት ያህል የዘለቀው። መነሻው የሃይማኖት ትምህርት አልነበረም፤ ያስጠጋቸው እሱ ስለነበር ነው።

ኬኔዲ ምን ለወጡ?

መጀመሪያ ከኬኔዲ በፊት የወደቁትን እንይ። በ1928 የኒው ዮርክ አገረ ገዢ አል ስሚዝ ከትልቅ ፓርቲ የቀረቡ የመጀመሪያው ካቶሊክ ዕጩ ሆኑ። ያኔ ኒው ዮርክንና ኒው ጀርሲን በወንዝ ሥር የሚያገናኘው የሆላንድ ዋሻ ገና መከፈቱ ነበር። የዋሻው ፎቶ እየተሰራጨ «ይኸው፣ ጳጳሱ ከቫቲካን የሚመጡበት ምስጢራዊ መንገድ» ተባለ። ያመኑ ነበሩ። ስሚዝ በኸርበርት ሁቨር ክፉኛ ተሸነፉ። ዘመኑ ኢኮኖሚው ያበበበት ስለነበር ማንም ዴሞክራት ቢሆን መሸነፉ አይቀርም ነበር። ግን ካቶሊክ የበዛባቸውን ማሳቹሴትስንና ሮድ አይላንድን አሸንፈዋል።

ከ32 ዓመት በኋላ ጆን ኬኔዲ መጡ። የፓርቲያቸው ሰዎች እንኳ ስሚዝን እያሰቡ ፈርተዋል። ስለዚህ ኬኔዲ ፈተናውን ራሳቸው ፈልገው ሄዱበት። ዌስት ቨርጂኒያ ካቶሊክ በጣት የሚቆጠርበት የፕሮቴስታንት ግዛት ነው። በሜይ 1960 የፓርቲው የዕጩዎች ምርጫ ላይ እዚያ ተወዳድረው ሂውበርት ሃምፍሪን ረቱ። ሃምፍሪም ከውድድሩ ወጡ።

ሴፕቴምበር 12 ቀን ደግሞ ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ከተማ የፕሮቴስታንት አገልጋዮች ጉባኤ ፊት ቆሙ። የካቶሊኮች ዕጩ አይደለሁም አሉ፤ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ነኝ፣ ሃይማኖቴ ካቶሊክ ሆኖ ነው እንጂ። ሥልጣኔና ሕሊናዬ የማይታረቁበት ቀን ከመጣ እለቃለሁ ሲሉም ጨመሩ። ይህን ንግግር ብዙ ሰው «ሃይማኖቱን ደበቀ» ብሎ ይተርከዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። «ሃይማኖቴ ይኸው፣ መንግሥቱ ግን የሁላችሁም ነው» ያሉ ይመስለኛል።

ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት እንደሚለው በዚያ ዓመት ከመቶ ካቶሊክ 78ቱ ኬኔዲን መርጧል። ከአራት ዓመት በፊት ግማሽ ያህሉ ሪፐብሊካኑን አይዘንሃወርን ነበር የመረጠው። በአገር ደረጃ ኬኔዲ ያሸነፉት ወደ 69 ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ከ120 ሺህ ባነሰ ልዩነት ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሃይማኖታቸው ኬኔዲን ጎድቷቸዋልም። በደቡብ ያሉ ብዙ ፕሮቴስታንት ዴሞክራቶች ፊታቸውን አዙረውባቸዋል። በጭንቅላት ቆጠራ ከተሄደ የጠፋው ድምፅ ከተገኘው ሳይበልጥ አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ታዲያ እንዴት ጠቀማቸው? ያገኙት ድምፅ የወደቀው በትልልቆቹ የሰሜን ግዛቶች ስለሆነ ነው። ይህን ለመረዳት የአሜሪካን የድምፅ አቆጣጠር ማወቅ ግድ ነው።

ኤሌክቶራል ኮሌጅ ከካቶሊክ ጋር ምን አገናኘው?

በኳስ ልንገራችሁ። አንድ ቡድን 7 ለ 0 ቢያሸንፍም፣ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም የሚያገኘው ሦስት ነጥብ ነው። ትርፉ ጎል ዋንጫ አያመጣም። የአሜሪካም ምርጫ እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ግዛት አንድ ግጥሚያ ነው፤ ልዩነቱ የየግጥሚያው ነጥብ አለመተካከሉ ነው። የሕዝብ ቁጥሩ ብዙ የሆነ ግዛት ብዙ ነጥብ አለው። ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚባለው ይህ የነጥብ አቆጣጠር ነው። በጠቅላላው 538 ነጥብ አለ፤ 270 የደረሰ ፕሬዚዳንት ይሆናል። ሜይንና ነብራስካ ከተባሉት ሁለት ግዛቶች በስተቀር አንድ ግዛትን በአንዲት ድምፅም ቢሆን ያሸነፈ ነጥቡን ሙሉ በሙሉ ይወስዳል።

ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህታችን ድምፅና ፔንሲልቬንያ ያለ የአጎቷ ልጅ ድምፅ በሕግ እኩል ናቸው፤ በተግባር ግን አይደሉም። ሜሪላንድ ለዴሞክራት እንደምትሄድ ከወዲሁ ይታወቃል። ፔንሲልቬንያ ግን ቁርጡ አይታወቅም። እንዲህ ያሉት ወላዋይ ግዛቶች ይባላሉ። ዕጩዎቹ ገንዘባቸውንም ጊዜያቸውንም የሚያፈሱት እዚያ ነው።

አሁን ቅድም ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ስሞች እንመለስ። ፔንሲልቬንያ 19 ነጥብ፣ ሚሺጋን 15፣ ዊስኮንሲን 10። ሦስቱም የድሮ የከሰል፣ የመኪናና የፋብሪካ አገር ናቸው። ሦስቱም የነዚያ አየርላንዶች፣ ፖላንዶች፣ ጣሊያኖችና ጀርመኖች የልጅ ልጆች የሞሉባቸው ናቸው። በ2016 ዶናልድ ትራምፕ ሦስቱንም በድምሩ ከ80 ሺህ ባነሰ ድምፅ አሸንፈው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በአገር ደረጃ ግን ሂላሪ ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጠው ነበር። በ2020 ጆ ባይደን ሦስቱን መልሰው ወሰዱ። በ2024 ትራምፕ እንደገና ወሰዷቸው።

ጠጋ ብለን እንይ። ሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሉዘርን የሚባል ካውንቲ አለ። ካውንቲ ማለት እንደኛ ወረዳ ወይም ዞን ያለ ነው። የድሮ ከሰል ቆፋሪዎች አገር ነው፤ ካቶሊኩ ብዙ ነው። በ2012 ዴሞክራቱ ባራክ ኦባማ ከመቶ ድምፅ በአምስት ገደማ በልጠው አሸነፉበት። ከአራት ዓመት በኋላ ትራምፕ ከመቶ በ20 ገደማ በልጠው አሸነፉበት። በድምፅ ሲቆጠር ከ26 ሺህ በላይ ልዩነት ነው። ትራምፕ መላውን ፔንሲልቬንያን ያሸነፉት በ44 ሺህ ገደማ ነበር። አንድ ካውንቲ ብቻውን ከልዩነቱ ግማሽ በላይ አዋጣ ማለት ነው።

ጎረቤቱ ላካዋና ነው፤ የባይደን የትውልድ ከተማ ስክራንተን ያለችበት። እዚያም ኦባማ በ2012 በሰፊው ያሸነፉትን ክሊንተን በአራት ዓመት ውስጥ ለጥቂት ነው ያተረፉት። ባይደን ራሳቸው ካቶሊክና የአገሩ ልጅ ሆነው በ2020 ሲቀርቡ ልዩነቱን መልሰው ሰፋ አደረጉት፤ የኦባማን ያህል ግን አልሆነላቸውም።

እነዚህ ሰዎች ሐሳባቸውን የለወጡት ስለ ቤተ ክርስቲያን አስበው ነው? አብዛኛዎቹ አይመስለኝም። ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ወጥተዋል፣ ኑሮው ከብዷል። ካቶሊክ መሆናቸው የሚነግረን ከየት እንደመጡና የት እንደሰፈሩ ነው። ድምፃቸውን የለወጠውን ነገር ሁሉ እሱ ብቻ አይነግረንም።

ዴሞክራት የነበሩት ለምን ተበተኑ?

አንዱ መልስ «ስለተሳካላቸው» ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በመንግሥት ድጎማ ኮሌጅ ገቡ፣ በርካሽ ብድር ቤት ሠሩ። የወደብ ሠራተኛው ልጅ ጠበቃ ሆነ። ከከተማው ደብር ወጥቶ ሣር ያለው ግቢ ገዛ። ኬኔዲ ደግሞ የመጨረሻውን በር ከፈቱ። ከዚያ በኋላ «አንዱ የኛ ሰው ይግባልን» የሚለው ጉጉት በረደ። ካቶሊኩ እንደማንኛውም አሜሪካዊ ስለ ግብሩ፣ ስለ ሰፈሩና ስለ ልጁ ትምህርት ቤት እያሰበ መምረጥ ጀመረ።

ማኮም ካውንቲን እንውሰድ። ዲትሮይት አጠገብ ያለ፣ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች የሚኖሩበት፣ ካቶሊክ የበዛበት ካውንቲ ነው። በ1960 ከመቶው 63ቱ ኬኔዲን መረጠ። በ1984 ሁለት ሦስተኛው ያህል ሪፐብሊካኑን ሮናልድ ሬገንን መረጠ። በመሃል ምን ሆነ? የዘር ጉዳይ አለ፤ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለማቀላቀል ልጆችን በአውቶቡስ ከሰፈር ሰፈር ማመላለሱ ብዙ ነጭ ወላጆችን አስቆጥቷል። የኑሮ ውድነት አለ። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውርጃን በመላ አገሪቱ የፈቀደበት ውሳኔም አለ።

ይህ ውሳኔ ለካቶሊኮች ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ፓርቲዎቹ ቀስ በቀስ ለየላቸው፦ ሪፐብሊካኑ ውርጃን ተቃዋሚ፣ ዴሞክራቱ መብት ነው ባይ። ነገር ግን የካቶሊክ ትምህርት በአንድ ፓርቲ ልክ የተሰፋ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኗ ውርጃን ትቃወማለች፤ የሞት ቅጣትንም ትቃወማለች። ስደተኛን ተቀበሉ ትላለች፤ ድሃን አትርሱ ትላለች። ሁለት ጥንድ ጫማ እንደቀረበለት ሰው አስቡት። የአንዱ ጥንድ ቀኝ እግር ልክ ነው፣ ግራው ይጠባል። የሌላው ግራ ልክ ነው፣ ቀኙ ይጠባል። ባዶ እግር ላለመሄድ አንዱን ያደርጋል፤ ግን እያነከሰ ነው።

ጳጳሳቱ «እገሌን ምረጡ» ይላሉ?

አይሉም። በአሜሪካ ሕግ ከ1954 ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆኑ ተቋማት ዕጩን እንዳይደግፉ ወይም እንዳይቃወሙ ተደንግጓል። ከሕጉ ባሻገርም የቤተ ክርስቲያኗ አካሄድ ሌላ ነው። የአሜሪካ ጳጳሳት ጉባኤ በምርጫ ሰሞን መመሪያ ያወጣል። መመሪያው ጉዳዮቹን በሃይማኖቱ ትምህርት ይዘረዝርና ውሳኔውን ለምእመኑ ሕሊና ይተወዋል። ሕሊና ሲባል «እንደመሰለህ አድርግ» ማለት አይደለም፤ ተምረህ፣ አስበህ፣ ጸልየህ ወስን ማለት ነው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም በሴፕቴምበር 2024 ከእስያ ሲመለሱ አውሮፕላን ላይ ተጠይቀው ነበር። ስደተኛን የሚያባርረውም፣ ውርጃን የሚደግፈውም ሁለቱም ሕይወትን ይቃወማሉ አሉ። መራጩ ያነሰውን ክፉ ይምረጥ፣ የቱ እንደሚያንስ ግን እያንዳንዱ በሕሊናው ይወስን ብለው አለፉት።

በጳጳሳቱ መካከልም ስምምነት የለም። ይህ አፍጥጦ የወጣው በቁርባን ጉዳይ ነው። ኦርቶዶክስ ለሆነ አንባቢ ቁርባን መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ያማል። በ2004 ካቶሊኩ ጆን ኬሪ የዴሞክራት ዕጩ ነበሩ። የውርጃ መብትን ስለሚደግፉ የሴንት ሉዊሱ ሊቀ ጳጳስ ሬይመንድ በርክ አላቆርባቸውም አሉ። ሌሎች ጳጳሳት ደግሞ ቁርባን የፖለቲካ መሣሪያ መሆን የለበትም አሉ። በምርጫው ቀን በተሰበሰበው መጠይቅ ከመቶ ካቶሊክ 52ቱ ፕሮቴስታንት (ሜቶዲስት) የሆኑትን ሪፐብሊካኑን ጆርጅ ቡሽን፣ 47ቱ ኬሪን እንደመረጠ ታየ። አርባ አራት ዓመት ጠብቆ የመጣ ካቶሊክ ዕጩ በካቶሊኮች ተሸነፈ።

ባይደንም አልቀረላቸውም። በ2019 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አንድ ካህን ቁርባን ከለከሏቸው። ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ በ2021 ቫቲካን ሄደው ፖፕ ፍራንሲስን አገኙ። ሲወጡ፣ መቁረቤን እንድቀጥል ነግረውኛል አሉ።

ምእመኑስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገረማል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በተደጋጋሚ እንዳሳየው ከአሥር የአሜሪካ ካቶሊክ ስድስቱ ያህል ውርጃ በሁሉም ወይም በአብዛኛው ሁኔታ ሕጋዊ ይሁን ይላል። የመድረኩና የወንበሩ ሐሳብ ይለያያል ማለት ነው። በየሳምንቱ የሚያስቀድሰውና በዓመት አንዴ ብቅ የሚለውም ይለያያሉ። አዘውትሮ የሚያስቀድሰው ወደ ሪፐብሊካን ያዘነብላል።

ላቲኖ ካቶሊኮችስ?

«የካቶሊክ ድምፅ» የሚለውን ቃል በጣም የሚያሳስተው ይህ ነው። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ሕዝብ ተደብቆ ኖሯል። ነጩ ካቶሊክ በቅርብ ጊዜዎቹ ምርጫዎች ከአሥሩ ስድስት ያህሉ ትራምፕን መርጧል። ከሜክሲኮ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከማዕከላዊ አሜሪካ የመጣው ላቲኖ ካቶሊክ ደግሞ በብዛት ዴሞክራት ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ ግማሽ ለግማሽ ይሆናል። ጋዜጣው «ካቶሊኮች እኩል ተከፈሉ» ብሎ ይጽፋል። እኩል የተከፈለ ሰው ግን የለም፤ የተለያዩ ሁለት ሰዎች ናቸው።

አሁን ሁለተኛውም እየተንቀሳቀሰ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከሜክሲኮ ድንበር ላይ ስታር የሚባል ካውንቲ አለ። ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሁሉም ላቲኖ ነው፤ ካቶሊክነቱም ሥር የሰደደ ነው። በ2016 ክሊንተን እዚያ 80 ከመቶ ገደማ አገኙ። በ2020 ባይደን 52 ከመቶ። በ2024 ትራምፕ አሸነፉ። ከመቶ ዓመት በላይ ሪፐብሊካን አሸንፎበት የማያውቅ ቦታ ነው። በስምንት ዓመት እንዲህ መገለባበጥ በአሜሪካ ፖለቲካ ብርቅ ነው። ምክንያቱን ሲጠየቁ ብዙዎች የሚያነሱት የሸቀጥ ዋጋን፣ የነዳጅ ሥራንና የድንበሩን ሁኔታ ነው።

የሚባሉትን ቁጥሮች እንዴት እንመን?

በጥንቃቄ። የምርጫ ካርድ ላይ ሃይማኖት አይጻፍም። ስለዚህ ማንም «ካቶሊኮች ይህን ያህል ሰጡ» ሲል የሚናገረው ከመጠይቅ ተነስቶ ነው። አንዱ መጠይቅ ድምፅ ሰጥተው የሚወጡ ሰዎችን በር ላይ ጠብቆ ይጠይቃል። ሌላው በስልክና በኢንተርኔት ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ ቆይቶ፣ ሰውየው በእርግጥ መምረጡን ከመዝገብ አመሳክሮ ያወጣል። በ2020 አንዱ ባይደን 52 ለ 47 መሩ ሲል ሌላው ትራምፕ 50 ለ 49 መሩ አለ። ሁለቱም ያው ምርጫ ነው! በ2024 ግን ሁሉም አንድ አቅጣጫ አሳዩ። ፒው ትራምፕ 55፣ ካማላ ሃሪስ 43 ሲል፣ በበር ላይ የተሰበሰበው ልዩነቱን ከዚያም አሰፋው። ባይደን የሚባል ካቶሊክ ከወረቀቱ ላይ መነሳቱ ምን ያህሉን እንደሚያብራራ ይከራከሩበታል። የላቲኖው መንቀሳቀስ ግን አንዱ ምክንያት መሆኑ ግልጽ ነው።

አሁን ይህ ጉዳይ ለምን ወሬ ሆነ?

ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄ ዲ ቫንስ ናቸው። በ2019 ነው ካቶሊክ የሆኑት። ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዳኞች ስድስቱ ካቶሊክ ናቸው፤ በ2022 የ1973ቱን የውርጃ ውሳኔ የሻረውም ይኸው ፍርድ ቤት ነው። ሜይ 8 ቀን 2025 ደግሞ ሺካጎ የተወለዱት ሊዮ 14ኛ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው ተመረጡ። ለአል ስሚዝ ዘመን ሰዎች ቅዠት የነበረው ነገር ተገልብጦ መጣ፦ ጳጳሱ አሜሪካ ሊገዙ በዋሻ አልመጡም፤ አሜሪካዊው ወደ ሮም ሄዶ መንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ይህ ሁሉ ግን ካቶሊኩን አንድ አላደረገውም። ስደተኞችን በጅምላ የማባረሩ ዘመቻ መሃሉን ሰነጠቀው። ቫንስ ፖሊሲውን ለመደገፍ አንድ የቆየ የካቶሊክ ትምህርት ጠቀሱ፦ ፍቅር ቅደም ተከተል አለው፣ መጀመሪያ ቤተሰብህ፣ ቀጥሎ ጎረቤትህ፣ ከዚያ አገርህ። ፖፕ ፍራንሲስ ከማረፋቸው ከሁለት ወር በፊት ለአሜሪካ ጳጳሳት በጻፉት ደብዳቤ እውነተኛው ቅደም ተከተል የሚገኘው በደጉ ሳምራዊ ታሪክ ውስጥ ነው አሉ። በኖቬምበር 2025 ጳጳሳቱ ባልቲሞር ተሰብስበው የጅምላ ማባረሩን እንደሚቃወሙ በጋራ መግለጫ አወጡ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በጁላይ 2025 የሳን በርናርዲኖ ጳጳስ አልቤርቶ ሮሃስ ያልተለመደ ነገር አድርገዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ትልቅ ሀገረ ስብከት ነው፤ ላቲኖው ብዙ ነው። የእሑድ ቅዳሴ ለካቶሊክ ግዴታ ነው። ጳጳሱ ግን የኢሚግሬሽን ፖሊስ ይይዘኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ቤቱ እንዲቀር ፈቀዱ። በቤቱ ይጸልይ፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ይከታተል አሉ።

ይህ ሀገረ ስብከት ሁለት ካውንቲዎችን ያቅፋል፤ ሳን በርናርዲኖንና ሪቨርሳይድን። በ2020 ሁለቱም ባይደንን መርጠው ነበር። በ2024 ሁለቱም ትራምፕን መረጡ። በዚያ ሐምሌ እሑድ ጠዋት ወንበሩ ላይ የተቀመጡትና በፍርሃት ቤታቸው የቀሩት የአንድ ደብር ልጆች ናቸው።